አሥር ንጉሥ ሆኜ ሳገባ

አገሬ ጦር የላትም፤ ሴቶች ልጆች ግን አሏት። ለቀልድ የምናገር እንዳይመስላችሁ። በአሥር መንግሥታት መካከል የተሸጎጠች ትንሽ አገር ናት፤ ጠዋት በፈረስ የተነሳ ሰው ምሳውን በሰው አገር ይበላል። መድፍ አንድ ነበረን። እሱም ውስጡ ንብ ገብቶበት ማር ስለሚሰጥ ማንም እንዳይነካው በአዋጅ ተከልክሏል። እስከ ዛሬ ሳንደፈር የኖርነው በንግሥታችን ማህፀን ነው። ንግሥቲቱ አሥር ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ጎረቤቶቻችንም አሥር ናቸው። ሰው ሁሉ «እግዜር ሲያስብልን ነው» ይላል። ንግሥቲቱ ግን «ቆጥሬ ነው» ይላሉ።

ንጉሣችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኙም። በቤተ መንግሥቱም ውስጥ ብዙ አይገኙም ነበር፤ ሰዓት መፈታታት ይወዳሉ።

አሥሩም ጎረቤት ነገሥታት በየተራ የንግሥታችንን ልጆች አገቡ። የአማቱን ቤት በመድፍ የሚመታ ንጉሥ ደግሞ እስካሁን አልተወለደም። አንዱ ብቻ አንድ ጊዜ ጦሩን ድንበራችን ላይ አስፍሮ ነበር። ንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉለት፤ «ልጄ ደህና ናት? ያ የሆድ ቁርጠትህስ ተሻለህ?» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ፤ ለአማቱም ሁለት በርሜል ዓሣ ላከ።

እኔ በዚህች አገር የቁም ሙሽራ ነበርኩ። ሥራው እንዲህ ነው። ንጉሥ ሚስት ለማምጣት ከዙፋኑ ተነስቶ አይሄድም፤ ነውር ነው። ልዕልትም ሳታገባ ከአባቷ አገር አትወጣም፤ እሱም ነውር ነው። ስለዚህ በንጉሡ ቦታ ቆሞ፣ የንጉሡን ካባ ለብሶ፣ በንጉሡ አፍ «አዎ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ድሮ የንጉሣችን እህት ስትዳር ይህን ሥራ ሊሠራ አንድ መስፍን ሁለት መቶ አጃቢ አስከትሎ ከሩቅ አገር መጣ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። መስፍኑ እስከ መቶ ሦስተኛው ቀን ተቀመጠ፤ ሲሄድ በአገራችን አንድ ዝይ አልቀረም። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ «ከእንግዲህ ሙሽራ ከውጭ አናስመጣም፤ እዚሁ እናዘጋጃለን» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ጎረቤቶቻችንም ድካሙ ስለቀረላቸው ደስ አላቸው።

እኔን የመረጡኝ በመልኬ አይደለም። ከተማው ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት እሠራ ነበር፤ መጥተው ለመለካት ጊዜ ያጡ ባለሥልጣናትን ልብስ እየለበስኩ እቆማለሁ። ትከሻዬን ከፍ ካደረግኩ ዳኛ፣ ሆዴን ከነፋሁ የግምጃ ቤት ሹም እሆናለሁ። የጋብቻ ጉዳይ የበላይ ሹም በእኛ አገር አፈ ጋብቻ ይባላሉ። አንድ ቀን ኮታቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ እሳቸውን ሆኜ ቆሜ አገኙኝ። ዙሪያዬን ሁለት ጊዜ ዞሩና «ይህ ሰው ማንንም አይመስልም፤ ስለዚህ ሁሉንም ይመስላል» አሉ። በዚያው ተሾምኩ።

ባለቤቴ አጋታ ሹመቴን ስትሰማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አግብተህ ስታበቃ ለእራት ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«እንግዲያው አግባ» አለችኝ።

ሥርዓቱ ቀላል ነበር። ከአዳራሹ ደጃፍ ከገባሁበት ጊዜ አንስቶ እስክወጣ ድረስ ንጉሥ ነኝ፤ ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ጎንበስ ይልልኛል። ከሙሽራዪቱ ጎን ቆሜ ሦስት ጊዜ «አዎ» እላለሁ። ከዚያ ጥግ ላይ ወደተነጠፈው አልጋ እንሄዳለን። ልዕልቲቱ ከነሙሉ ልብሷ በአንድ በኩል ጋደም ትላለች፤ እኔ ግራ እግሬን እስከ ጉልበቴ ገልጬ በሌላው በኩል አኖራለሁ። አፈ ጋብቻ እስከ ሰባት ይቆጥራሉ፤ ጋብቻው ተፈጸመ። አጋታ በዋዜማው እግሬን በሙቅ ውሃ አጥባ ጥፍሬን ራሷ ትቆርጥልኛለች፤ «የማን ሚስት ናት እንዳልባል» እያለች።

ከመሐላው በፊት ግን ጥያቄ አለ። በጥንት ሕጋችን ሙሽራ ባሏን አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አላት፤ ባል የመለሰው ቃል ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያስረዋል። የመጀመሪያዋ ልዕልት ኦርሶላ የምትሄደው ወደ ሰሜን ነበር። ብርድ ትፈራ ነበርና «ጌታዬ፣ አገርህ ይበርዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። አገሩን በዓይኔ አላየሁትም፤ የለበስኩት ካባ ግን ወፍራም ነበር። «አዎ፣ ካባ ግን አለ» አልኳት። ጸሐፊው ጻፈው። ሁለተኛዋ ስትዳር አፈ ጋብቻ መዝገቡን ገልጠው «ሥርዓቱ ይህ ነው» አሉ። ከሁለተኛዋ እስከ ዘጠነኛዋ ስምንቱም ልዕልቶች «ጌታዬ፣ አገርህ ይበርዳል?» አሉኝ፤ ስምንቱንም «አዎ፣ ካባ ግን አለ» አልኳቸው። ስድስተኛዋ የሄደችበት አገር ሰው ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተኝቶ የሚውልበት ሐሩር ነው። ቃል ቃል ነውና የዚያ አገር ንጉሥ በየዓመቱ የጠጉር ካባ ያሰፋላታል ይባላል።

ስማቸውንም ልንገራችሁ፤ አሥሩም ኦርሶላ ነው። መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያዋ የጋብቻ ውል አርባ ገጽ ስለሆነ ጸሐፊዎቹ ለሁለተኛዋ እንደገና መጻፉ ከበዳቸው። ውሉን ከመቀየር ልጆቹን መቀየር ይቀላል ተባለና የቀሩት ዘጠኙ በአንድ ቀን ኦርሶላ ተባሉ። እኛም በቁጥር እንለያቸዋለን።

ከሠርጉ በኋላ ያለው ግን ቀላል አልነበረም። በድንበሩ ወንዝ ላይ መረከቢያ ቤት የሚባል አለ፤ ወለሉ መካከል ላይ በቀይ ቀለም ተሰምሮበታል። ልዕልቲቱ ከመስመሩ ወዲህ ያደገችበትን ልብስ፣ ጫማዋን፣ የፀጉር መርፌዋን ሳይቀር ታወልቃለች፤ ከወላጆቿ አገር አንድ ክር አብሯት አይሻገርም። ከመስመሩ ወዲያ የባሏ አገር ሴቶች አዲስ ልብስ ዘርግተው ይቀበሏታል። የተሻገረች አትመለስም። «የተመለሰች ልዕልት ጦርነት ናት» ይላል ሕጉ። ዘጠኙ ሄዱ፤ አንዷም አልተመለሰችም። ንግሥቲቱ ዘጠኙንም እስከ ከተማው በር ድረስ ሸኙ፤ ለእያንዳንዷ «ወደ ኋላ እንዳታዪ» ብቻ ይሏታል፤ ዕንባ የሚባል ግን ዓይናቸው ላይ አልታየም። ከተማው «እሳቸው ዕንባ አልፈጠረባቸውም» ብሎ ደመደመ።

አራተኛዋ ኦርሶላ መስመሩ ላይ ስትደርስ ቡችላዋን ተቀምታ ነበር። ቡችላው ለእኛ ተሰጠ። አሥረኛዋና የመጨረሻዋ ኦርሶላ ደግሞ ውሻውን ለማየት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤታችን ትመላለስ ነበር። በእኛ ቤት «አንቺ» እንድንላት ያዘዘችን ራሷ ናት። አምስት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ውሻውን አቅፋ ተቀምጣ ብዙ ካየችኝ በኋላ እንዲህ አለችኝ፤

«ጋሼ፣ እህቶቼን የት ነው ያደረግሃቸው?»

አጋታ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ እህቶቿ ከእኔ ጋር አልጋ ላይ ጋደም ይላሉ፣ በማግስቱ ይጠፋሉ። ያን ቀን ቤታችንን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ አልጋ ሥር፣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ፣ ጣሪያው ሥር ሳይቀር። ስታጣ አኩርፋ ሄደች። ለአሥራ ሁለት ዓመት ይህ ነገር ከሆዴ አልወጣም።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ተራዋ ደረሰ። አሥረኛው ንጉሥ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር። የላከው ሥዕል የተሳለው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው ተባለ። አጋታ ሥዕሉን አይታ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችና ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት ልጅቷን ወጥ ቤታችን አስቀምጣ አጫወተቻት።

«ምኑን ነው የምትፈሪው ልጄ? ሽምግልናውን?»

«አይደለም እትዬ አጋታ። ሰው ያረጃል።»

«ብርዱን?»

«ብርዱንም አይደለም። እናቴን ሁለተኛ አለማየቴን ነው።»

አጋታ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። «እናትሽ እኮ . . .» አለችና ተወችው።

«ድንጋይ ናት ትላላችሁ፤ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «ጠዋት ጠዋት ግን ፀጉሬን ራሷ ናት የምታበጥረኝ። አንድ ቃል አትናገርም። ካበጠረች በኋላ መልሳ ታበጥረዋለች፤ ተስተካክሎ እያለ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ የመጠየቅ መብት አለኝ አይደል?»

«አለሽ። ጥያቄው ግን ተጽፏል» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? እኔ የቆምኩት ለመቆም ነው።

የሠርጉ ቀን ካባው በሳጥን መጣ። ስለብሰው ኪሱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር አለ። እጄን ብሰድ ሰባት የደረቁ የባቄላ ፍሬዎች አገኘሁ። ዘጠኝ የነገሥታት ካባ ለብሻለሁ፤ በአንዳቸውም ኪስ ከመሐረብ በቀር ምንም አልነበረም። ባቄላ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ክፉ አይሆንም ብዬ አሰብኩ፤ ይህም ሐሳብ በኋላ ነገር አመጣብኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። አፈ ጋብቻ መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው መስመሩን ይዘዋል። «ሙሽራዪቱ ትጠይቅ» አሉ። ኦርሶላ ቀና ብላ አየችኝ፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ጌታዬ፣ እናቴን ማየት ባሰኘኝ ጊዜ ተመልሼ መምጣት እችላለሁ?»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ቀረ። ንግሥቲቱ ጥርሳቸውን ነክሰው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። አፈ ጋብቻ ሥርዓቱን የረሳሁ መስሏቸው መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት።

«አዎ» አልኩ። ቆየሁና «ካባ ግን አለ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «ምስኪን፣ ለምዶበት አመለጠው» ይላል። እኔም እንዲያ እንዲሉ ትቻቸው ኖሬያለሁ። እውነቱን ዛሬ እናገራለሁ። አልለመደብኝም፤ «አዎ» ያልኩት አስቤ ነው። «ካባ ግን አለ» ያልኩት ግን ፈርቼ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሠርጉ ቆመ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ልዕልቲቱ ከክፍሏ፣ እኔም ከቤቴ እንዳንወጣ ተከለከልን። «በንጉሥ አፍ ንጉሥ ያላለውን ቃል የጨመረ አንገቱን ይሰጣል» የሚል ሕግ አለን። አዋጁ ሲነበብ እኔም ከሰው ጋር ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። የእኔ አንገት አንድ ነገር ነው፤ ቃሉ ውድቅ ከሆነ ግን ልጅቷ ያን ቀይ መስመር ተሻግራ እንደ እህቶቿ ትቀራለች። ሁለታችንም ያለነው በአንዲት «አዎ» ላይ ነበር። አጋታ ግን በቤት መዋሌን አይታ የጣሪያውን ፍሳሽ አስደፈነችኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከአሥረኛው ንጉሥ ዘንድ የቃል መርማሪ መጡ፤ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ መሐረብ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ጉባኤው በዚያው በሠርጉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ግማሽ ቀን የሄደው በካባው ነው። አንዱ ሊቅ «ካባ ግን አለ ማለት ከተመለሰች ካባው ይቀርባታል ማለት ነው» አለ። ሁለተኛው «የለም፣ ለመንገዱ ካባ ይሰጣታል ማለት ነው» አለ። ሦስተኛው ካባው ራሱ ይመለስ ይሆናል ብሎ ተጠራጠረ። ንግሥቲቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ «መመለሻ ያለው ጋብቻ ጉብኝት ነው። እኔ ልጆቼን ለጉብኝት አልላክሁም።» ኦርሶላ አንገቷን ደፋች።

በመጨረሻ መርማሪው አፍንጫቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥያቄው አንድ ነው። በዚያ ቀን አዎ ያልከው አንተ ነህ ወይስ ንጉሣችን?»

ወጥመዱ ገባኝ። እኔ ነኝ ካልኩ፣ ለልዕልቲቱ ቃል የገባላት ባል እኔ ነኝ ማለት ነው፤ የሁለት ሚስት ባልም፣ ንጉሥ ነኝ ባይም እሆናለሁ። ንጉሡ ናቸው ካልኩ «ያላሉትን አስባልካቸው» እባላለሁ። በየትም በኩል አንገት ነው። አንገቴን ዳበስኩ።

ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል አጋታ ተነሳች። ያሰጣችውን ልብስ ዝናብ ሊመታባት የደረሰ ይመስል ተቻኩላ ነበር።

«ጌታው፣ እኔ ልናገር። እሱን ብትጠይቁት ማታ ድረስ አይመልስላችሁም።»

«አንቺ ማነሽ?» አሉ መርማሪው።

«ሚስቱ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ይህ ሰው እኔን ሳያማክር አዎ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ወር ጎረቤታችን መሰላል ሊዋሰው ቢመጣ 'ቆይ፣ አጋታን ልጠይቅ' ብሎ ነው በር ላይ ያቆመው። መሰላል ነው እኮ! በዚያ ቀን ግን አላየኝም፣ አልጠየቀኝም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ አዎ አለ። እሱ አይደለም ጌታዬ። ንጉሥ ነበር።»

አዳራሹ አጉረመረመ። መርማሪው መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አተኩረው አዩኝ።

«ውሃ ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ጉሮሮዬ ተሰንጥቆ ነበር። ዞሬ አጋታን አየኋት።

መጀመሪያ የሳቀው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ፈነዳ። ንጉሣችን እንኳ ከሰዓታቸው ቀና ብለው ምን እንደተባለ ጠየቁ። መርማሪው ግን አልሳቁም። «ተረጋግጧል» ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ሲያሽጉ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም ቤት እንዲሁ ነው» አሉኝ። ውሃውን አጋታ አመጣችልኝ።

በሌላ አሥራ ስምንት ቀን የንጉሡ ደብዳቤ ደረሰ። አፈ ጋብቻ በአደባባይ አነበቡት፤ «እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። ግን እኔን ይመስላል። ትምጣ፤ እናቷን ማየት ባሰኛት ጊዜም ትሂድ። ካባው ኪስ ውስጥ ባቄላ ትቼ ከሆነ ላኩልኝ፤ ለዘር ያስቀመጥኩት ነው።»

ሠርጉ ከቆመበት ቀጠለ፤ እግሬን አኖርኩ፤ ሰባት ተቆጠረ። ባቄላውንም በትንሽ ከረጢት አድርጌ ለኦርሶላ ሰጠኋት። መስመሩ ላይ ስትደርስ የባሏ ንብረት ነው ተብሎ አብሯት ተሻገረ። በከተማው በር ሲለያዩ ንግሥቲቱ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ምንም ሳይሉ መልሰው ዘጉት።

አፈ ጋብቻ ስሕተት መዝገባቸው ላይ መታየቱን አልወደዱትም። በእኛ አገር ስሕተትን ማጥፊያው መንገድ አንድ ነው፤ የጥንት ሕግ ማድረግ። ስለዚህ በሌላ መዝገብ፣ ባረጀ ወረቀት ላይ፣ እንዲህ ብለው አስጻፉ፤ «ከአባቶች እንደተቀበልነው፣ በወኪል የተዳረች ሴት ሁሉ እናቷን ማየት ባሰኛት ጊዜ ሄዳ ትመለሳለች።» ግልባጩ ለአሥሩም አገሮች ተላከ። ነገሥታቱ የጥንት ነገር ስለሚያከብሩ እንዴት እስከ ዛሬ ረሳነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ሕዝቡ ግን ፈራ፤ ልዕልቶቹ ወጥተው ከቀሩ አማቾቹ ጦር ይዘው ይመጣሉ አለ። ንቡን ከመድፉ እናስወጣ የሚልም ተነሳ።

በዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አሥረኛዋ ኦርሶላ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ወዝቷል፣ ጥፍሯ ውስጥ የጓሮ አፈር አለ። መጀመሪያ የመጣችው እኛ ቤት ነው፤ ያረጀው ውሻ አወቃት። «ባሌ አስቀያሚ ነው» አለች ለአጋታ እየሳቀች፤ «ሥዕሉ የሠላሳ ዓመት አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። ግን ባቄላው በቅሏል።» ደስ አለኝ። የደስታዬን ያህል መናገር አልችልም፤ ከዱቄቱ ዕቃ ውስጥ የወጣች ያህል ነው የታየኝ።

አርባ ቀን ተቀመጠች። ንግሥቲቱ በየጠዋቱ ፀጉሯን ያበጥሯታል፤ አሁን ግን እያበጠሩ ይጠይቋታል ብላ አጫወተችን። የሚጠይቋት ስለ ባሏ አይደለም፤ ስለ ቤተ መንግሥቱም አይደለም።

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?» ይሏታል። «የት የት አደርሽ? ድልድዮቹ ደህና ናቸው? አላፊ አግዳሚውን ያስቆማሉ ወይስ ያሳልፋሉ? እግርሽ አላበጠም?»

«ለእኔ አስባ ነው» አለች ኦርሶላ። እኛም እንደዚያው መሰለን።

በአርባ አንደኛው ቀን ተነስታ «ቤቴ ልሂድ፤ ባቄላው ይደርቃል» አለች። ማንም አላባረራት፣ ማንም አልያዛት። ጦር ይመጣል ብለው ሲፈሩ የነበሩት ሁሉ ሊሸኙ ወጡ። እኔና አጋታም በከተማው በር ቆመናል። ልጅቷ እናቷን አቅፋ ሳመች፣ ሠረገላዋ ላይ ወጣች፣ እጇን እያወዛወዘች ሄደች። አቧራው ረጋ፤ ሕዝቡም መበተን ጀመረ።

ንግሥቲቱ ግን አልተመለሱም። በሩ ሥር ቆመው ቀሩ። ቁልቁል ስናይ የቤት ጫማ አላደረጉም፤ ማሰሪያው የተጠበቀ የመንገድ ጫማ ነው። አፈ ጋብቻ ቀረብ ብለው «እቴጌ፣ ይግቡ እንጂ፣ ነፋሱ . . .» ሲሉ ንግሥቲቱ እጃቸውን አነሱ።

«ያ ያስጻፍከው የጥንት ሕግ ምን ይላል?»

አፈ ጋብቻ ቃሉን በቃላቸው ያውቁታልና አሉት፤ በወኪል የተዳረች ሴት ሁሉ፣ እናቷን ማየት ባሰኛት ጊዜ።

«እኔን ያገባኝ አንድ ሽማግሌ ጄኔራል ነበር» አሉ ንግሥቲቱ። «መሐላው መሐል ላይ እንቅልፍ ይዞት ሁለት ጊዜ ቀስቅሰነዋል።» ከበሩ ወዲያ ተመለከቱ። ከዚያ «እናቴ ዘንድሮ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞላት» አሉ።

ሁላችንም ተያየን። አርባ አምስት ዓመት ንግሥታችን ናቸው። አነጋገራቸው ከእኛ ትንሽ ይለያል፤ ንግሥት የምትናገረው እንደዚያ ነው ብለን ነበር። ከሌላ ቦታ እንደመጡ፣ እሳቸውም እናት እንዳላቸው፣ አንድ ሰው አስቦት አያውቅም። አጋታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም አልቻልኩም።

ንግሥቲቱ ወደ በሩ ጠባቂ ዞሩ። እኔ ለንግሥት የቀረበ ጥያቄ እንጂ ንግሥት እንዲህ ቀስ ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

«መንገዱ በየት በኩል ነው ልጄ? ስመጣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የሠረገላው መስኮት ተሸፍኖ ነበር።»

ጠባቂው ባርኔጣውን አውልቆ በምሥራቅ በኩል ያለውን መንገድ አሳያቸው። «ወንዙን ተከትለው ነው እቴጌ፤ ሠረገላ እስኪቀርብልዎ ግን ይቀመጡ» አላቸው።

አልተቀመጡም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በእግራቸው ጀመሩት፤ ሠረገላው የደረሰባቸው ከሦስተኛው ድልድይ ወዲያ ነው።